የገጽ 143ቱ ባጃጅ

ሰኞ

በከባድ ሐዘን እናስታውቃለን። የምድር ስበት ባጋጠመው ድንገተኛ ቀልድ ምክንያት በገጽ 143 ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች ዕድሜውን ሙሉ ሰውንም ድንጋዩንም ወደ መሬት ሲጎትት የኖረ፣ አንድ ቀን እንኳ የሕመም ፈቃድ ጠይቆ የማያውቅ ታታሪ ነበር። የስንብት ፕሮግራሙ ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በፕሮጀክተር ይከናወናል። ገዳዩ እኔ ነኝ።

እሺ፣ ይብቃኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

መምህር ሱላሞ አራት ዓመት የደከመበት መጽሐፍ ታትሟል፤ ቅዳሜ ይመረቃል። ስለ ጌም ኢንጂን ነው። ጌሙን ማለቴ አይደለም፣ ከጌሙ ሥር ተደብቆ ሁሉን ነገር የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ከባዶ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር ነው፣ ያውም በአማርኛ። እኔ አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ የባጃጅ ሾፌር ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከክፍል ሲያባርረኝ የነበረውም እሱ ነው። (ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው። እዚህ ግን እሱ ነው፤ ደብተሩ የኔ ነው።) አንድ ቀን ባጃጄ ላይ ተሳፈረና "ኤርሚያስ፣ አሁንም ሰው ታስቃለህ?" አለኝ። "ከከፈሉ አዎ" አልኩት። ሥራ ሰጠኝ። ምዕራፉን አነባለሁ፣ ኮዱን ከወረቀት እያየሁ ላፕቶፕ ላይ እጽፋለሁ፤ ካልሠራ አልሠራም፣ ካልገባኝ አልገባኝም እላለሁ። "አንተ ከገባህ ለሁሉም ይገባል" ይላል። ስድብ ይሁን ሙገሳ እስካሁን አላወቅኩም።

ምዕራፍ ስድስት ስለ ስበት ነው። ምሳሌው የኔ ሐሳብ ነው፦ አንዲት ባጃጅ ከመናኸሪያ ተነስታ ጉድጓድ እየዘለለች ትሄዳለች። ስትዘል ስበት ይመልሳታል። ስበት ማለት ኮዱ ውስጥ አንድ ቁጥር ነው፤ ፊቱ የመቀነስ ምልክት አለ፣ "ወደ ታች" ለማለት። እኔ ሆዬ ከሁለት ሳምንት በፊት ከኮዱም ከመጽሐፉ ፋይልም ምልክቷን አጠፋኋት። ባጃጇ ዘለለች፣ ሄደች፣ ሰማይ ገባች። ሐሙስ ቁጭ ብለን አብረን ስናይ መምህር ይደነግጣል፣ ይስቃል፣ እኔም እመልሳታለሁ። ዕቅዴ ይኸው ነበር።

ያ ሐሙስ ሳይደርስ አጎቱ በአንጋጫ ከተማ አረፉ። መምህር ለቅሶ ሄደ። ባለቤቱ አስቱ ማተሚያ ቤቱ ሲጨቀጭቃት መጽሐፉ ያለበትን ፍላሽ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ላከች። እኔም በሥራና በለቅሶው ግርግር ነገሩን ረሳሁት። ፍላሹ ውስጥ ሁለት ፋይል ነበር። አንዱ "የመጨረሻ" ይላል፣ ሌላው "የመጨረሻ እውነተኛው"። ቀልዱ ያለው እውነተኛው ውስጥ ነው። ስሙን ያወጣሁለትም እኔ ነኝ።

ዛሬ ዳገቱ ላይ ጉድጓድ ስቼ ባጃጄ ስትዘል፣ ቆጮ የያዘች ተሳፋሪ "ጌታ ሆይ! አየር ላይ ልታስቀረን ነው?" ብላ ጮኸች። ያኔ ትዝ አለኝ። ቤት ሮጬ ፋይሉን ከፈትኩ። ምልክቷ የለችም።

ማክሰኞ

ማተሚያ ቤት ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ታትሞ፣ ተጠርዞ ካርቶን ገብቷል" አለኝ። የትኛውን ፋይል እንደተጠቀሙ ጠየቅኩት። "የመጨረሻውን።" የትኛውን የመጨረሻ? "አንተ ደግሞ! መጨረሻ ስንት ነው?" ብሎ ዘጋብኝ።

ያሉኝ አማራጮች፦
ለመምህር መናገር። (አይሆንም።)
ካርቶኑን ከመናኸሪያ ተቀብሎ በዚያው መሰወር። (ነዳጅ አይበቃም።)
ቅዳሜ መብራት እንዲጠፋ መጸለይ። (ያለ ጸሎትም ይጠፋል፤ ግን በፈለግኩት ቀን ጠፍቶልኝ አያውቅም።)

የመጀመሪያውን ልሞክር ብዬ ቤቱ ሄድኩ። ከለቅሶ ከተመለሰ ወዲህ ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው። ዛሬ ግን በሩ ትንሽ ገርበብ ብሏል፤ የቅዳሜውን ፕሮግራም እያሳየኝ ነበር። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ንግግር፣ ከዚያ "ምዕራፍ ስድስትን ከመጽሐፉ እያነበብኩ ሰው ፊት በቀጥታ እጽፋለሁ" ይላል። ለምን ስድስት? ምዕራፍ ሁለትም እኮ ያምራል። እንደዚያ አልኩት። "ባጃጇን ሰው ይወዳታል። የአንተም ናት" አለ።

ከዚያ ገጽ ሁለት ላይ ምን እንደጻፈ በቃሉ ነገረኝ። "በዚህ መጽሐፍ ያለው እያንዳንዱ የኮድ መስመር በኤርሚያስ እጅ ተጽፎ ተፈትኗል። እሱ ሠርቷል ያላለው እዚህ አልገባም።"

ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ መሰለው።

ረቡዕ

አራት ካርቶን፣ ሁለት መቶ መጽሐፍ። መናኸሪያ ደርሼ ከአውቶቡሱ አናት ላይ ሲወርድ ወዛደሩ "ምንድነው እንዲህ የሚከብደው?" አለ። "ኃጢአት ነው" አልኩት። "የማን?" "ስም አይጠራም።"

መምህር ከኔ ቀድሞ እዚያ ነበር። ዓይኔ እያየ አንዱን ካርቶን ቀዶ ሃያ አምስቱን ለሾኔ፣ ሃያ አምስቱን ለዱራሜ ሚኒባስ ሰጠ፤ እዚያ ላሉ መምህራን ጓደኞቹ፣ ለተማሪ እንዲያዳርሱ። "ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ አንቆጥርም?" አልኩ። "ምን ሆነሃል ዛሬ?" አለኝ። ሚኒባሶቹ ሄዱ። በሌላ ቀን መንገደኛ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት የሚያስጠብቁ ሚኒባሶች!

የቀረውን በባጃጄ ጭኜ ሳደርስ አንድ መጽሐፍ ከፈትኩ። ገጽ 143። ቁጥሩ አለ፤ ፊቱ ባዶ ነው። ማተሚያ ቤቱ እንዴት አጥርቶ እንዳተመው! ባዶው ቦታ ራሱ ያበራል።

መምህር ለኔ የሰጠኝን ቅጂ እማ አየችው። ማንበብ አትችልም። "ስምህ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ፣ ጣቷን ይዤ አስነካኋት። ጎረቤት ጠራች። ጎረቤት ጎረቤት ጠራ። እኔ በሕይወቴ የሰርተፍኬት ወረቀት ይዤ ቤት ገብቼ አላውቅም። ሁሉም ገጽ ሁለትን እየነካ ሄደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገጽ 143 ድረስ የሄደ አልነበረም።

ሐሙስ

ብልሃት መጣልኝ። ምልክቷ አንዲት አጭር መስመር ናት። በጥቁር እስክሪብቶ ብስላት ማን ያውቃል? መምህር ትምህርት ቤት እያለ "መጽሐፍ ልቁጠር" ብዬ ቤቱ ገባሁ። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ አንደኛው ላይ አስቱ በር ላይ ቆማለች።

"አዲስ መጽሐፍ ላይ ምን ትሞነጫጭራለህ?"

"ፊርማ ነው።"

"አንተ ደራሲ ነህ እንዴ?"

"ፈታኝ ነኝ። ፈታኝም ይፈርማል።"

"ውጣ! በአድናቂ እጦት ልትሞት ነው!" ብላ ወጥ ማማሰያ አነሳች።

ከሰዓት መምህር ደወለ። አስቱ ነግራዋለች። ይቆጣል ስል ድምፁ ለሰለሰብኝ። "ለካ ይሄን ያህል ደስ ብሎሃል። ቅዳሜ አብረን እንፈርማለን፣ ጎኔ ትቀመጣለህ።"

ብቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ማለቴ ቢቆጣ። መጻፍም ጠፋኝ። ምሳ አልበላሁም። ዛሬ አንድም ተሳፋሪ አልቀለድኩበትም፤ አንዷ "ታመሃል እንዴ?" አለችኝ።

አርብ

ነገርኩት።

ፕሮጀክተሩን ለመሞከር ወደ አዳራሹ እየወሰድኩት ነበር። ዳገቱ ግማሽ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። "መምህር፣ ገጽ 143 ላይ ባጃጇ አትወርድም" አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ፋይሉን፣ ስሙን፣ አሥራ አንዱን ፊርማ። ዞሬ አላየሁትም፤ በመስታወቱ ግን ይታየኛል።

 በሐዲይኛ መቆጣት ጀመረ። መምህር ሲናደድ አማርኛው ያልቅበታል። ያለውን ግን አልጽፈውም፤ ለደብተሩ ክብር ስል። ከዚያ ወርዶ ቁልቁል በእግሩ መመለስ ጀመረ። እኔም ባጃጄን አዙሬ ከኋላው በሰው እርምጃ ተከተልኩት፣ "መምህር፣ ይግቡ፣ መምህር" እያልኩ። አንዱ ባለሱቅ "ሳይከፍል ነው የወረደው? እንያዝልህ?" ብሎ ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን ወር ሙሉ እስቅበት ነበር።

የሱቆቹ መደዳ ሲያልቅ ቆመ። ሳያየኝ "ለምን?" አለ።

"ሊስቁ ብዬ።"

"ሊስቁ?"

"አጎትዎ ከታመሙ ጀምሮ አልሳቁም ነበር። ቆጥሬያለሁ፣ ሁለት ሳምንት።"

 ባጃጆች እየጮሁብን አለፉ። ከዚያ መጥቶ ገባና በአማርኛ "ስንት እስክሪብቶ አለህ?" አለኝ።

መቶ ሠላሳ ዘጠኝ መጽሐፍ ቀርቶ ነበር። መምህር፣ አስቱ፣ እኔና ለእርዳታ ያመጣኋት እማ የመምህር ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አስቱ በየአሥሩ "ይቺስ ፊርማህ ናት?" ትለኛለች። እማ አንድ ጊዜ ቦታውን አሳየኋት፣ ከዚያ በኋላ ከሁላችን ቀጥ ያለ መስመር የምታሰምረው እሷ ሆነች። ሠላሳ ሁለት መጽሐፍ አረመች። ማንበብ የማትችለው እናቴ የጌም ኢንጂን አራሚ ሆናለች።

መምህር ሥራውን ሲጨርስ ስልኩን አነሳ። የሾኔው ጓደኛው መጽሐፎቹን ትናንትና አድሏል። የዱራሜው አያነሳም። ሃምሳ ባጃጅ ወደ ሰማይ እየሄደ ነው። መምህር ስልኩን አስቀምጦ "ነገ ኮዱን የምትጽፈው አንተ ነህ" ብቻ አለኝ።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞልቷል። እማ የፊት ወንበር ላይ፣ ነጠላዋን ለብሳ። መብራት አልጠፋም፤ ጸሎቴን አንስቼ ስለነበር ይሆናል።

መድረክ ላይ ተቀምጬ ከመጽሐፉ እያየሁ ጻፍኩ። ሁለት መቶ ዓይን ጀርባዬ ላይ። የስበቱ ቁጥር ጋ ስደርስ መምህር ማይኩን ይዞ "ኤርሚያስ፣ እርግጠኛ ነህ?" አለ።  መጽሐፉን አየሁ፣ መስመሯ አለች። እንደገና አየሁ። "እርግጠኛ ነኝ መምህር።" "በጣም?" አለኝ። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ፊቱ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እየተበቀለኝ ነው። ሰውዬው ቀልድ ይችላል! ያንን ሁሉ ዓመት ሲያባርረኝ እየቀናብኝ ነበር እንዴ?

ቁልፉን ተጫንኩ። ባጃጇ ሄደች፣ ጉድጓዱ ጋ ደረሰች፣ ዘለለች። አናት ላይ ደርሳ ለአንድ አፍታ ቆም አለች። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬያት ቆምኩ።

ወረደች።

እልልታው መጀመሪያ የተሰማው ከፊት ወንበር ነው።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ፈረምን። አስቱ ወረፋ ይዛ መጥታ "ለኔም ፈርምልኝ፣ ፈታኙ" አለችኝ። መምህር ፈገግ እንኳ አላለም። በየመሃሉ ስልኩን ያያል። ሃምሳዎቹ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የመምህር ስልክ ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሳው።

"መምህር ሱላሞ ነዎት? ከሾኔ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ባጃጄ ወደ ሰማይ ሄደችብኝ።"

መምህር ዓይኑን ጨፈነ። "ልጄ፣ ይቅርታ፣ ስህተቱ..."

"አስተካክዬዋለሁ እኮ! ምዕራፍ ሦስት ላይ ወደ ላይ ከሆነ መደመር ነው ብለዋል፤ ታዲያ ስበት ወደ ታች ከሆነ መቀነስ መሆን አለበት። ለክፍል ጓደኞቼም አሳይቻቸዋለሁ። እንዲያውም ወንድሜ የምትበረዋ ትሻላለች ብሎ ሁለቱንም ይዘናቸዋል።"

"ታዲያ ለምን ደወልሽ?"

"ገጽ ሁለት ላይ ኤርሚያስ የሚባል ሰውዬ አለ አይደል? ሥራውን በደንብ አይሠራም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

መምህር ሳቀ። ከሆዱ፣ ምሰሶ ተደግፎ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ምእመኑ ዞሮ እስኪያየው ድረስ። በአራት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ስልኩን ለኔ አቀበለኝና "አስረዳት" አለኝ። "አቤት፣ ኤርሚያስ የሚባለው ሰውዬ ነኝ" አልኳት። "ውይ!" ብላ ዘጋችው።

ከዱራሜ እስካሁን የደወለ የለም። እዚያ እየበረሩ ይሆናል።

ማስተካከያ፦ ሰኞ ዕለት ስለ ምድር ስበት የወጣው የሐዘን መግለጫ ተሽሯል። ሟች ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ስወድቅ በአካል አግኝቼዋለሁ። እውነቱን ከተናገርን ደግሞ ነገሩ ያን ያህልም አልነበረም። አንዲት ሰረዝ ናት፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ እማ እንኳ ሳታነብ የምታሰምራት። ስድስት ቀን ሙሉ ምሳ ያስተወችኝ ይህቺ ሰረዝ ነች።