አጥፍቻለሁ ያልኳቸው ፎቶዎች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለዙሌካ፣ ሀላባ ቁሊቶ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እታለም? ጀርባሽን ተሻለሽ? ባለቤትሽ ከድርስ እንዴት ነው፣ የዘንድሮው በርበሬ ደረቀለት ወይስ ዝናብ ቀደመው? አናስ ጥርስ አበቀለ አሉ፣ እውነት ነው? አማትሽስ እግራቸውን እንዴት አደረጋቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብኝ ብዬ እንዳልጽፍ ግን ልቤ አላርፍ ብሎኛል። በስልክ እንዳላወራሽ ስልክሽን የሚያነሳው ብዙ ሰው ነው። ሹፌሩ ኢስማኢል በርበሬውን አራግፎ ነገ ስለሚመለስ ደብዳቤውን በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። ሀይሌ ጋርመንት ያለችው ስቱዲዮዬ በጉርድ ፎቶ ብቻ እንደማትኖር ታውቂያለሽ። የሚያኖረኝ የእኛ ሰዎች ሠርግ ነው፣ እሱም የሴቶቹ አዳራሽ። ሴቶቹ ስልካቸውን በር ላይ አስረክበው፣ ሂጃባቸውን አውልቀው ሲጨፍሩ ካሜራ ይዤ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ። ፎቶውን በፍላሽ ካስረከብኩ በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ባለቤቶቹ ፊት እሰርዘዋለሁ። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ እንጀራዬም ይኸው ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሬ ተቃጥሎ የአንዲት ሙሽራ ሠርግ እንዳለ የጠፋብኝን ታስታውሻለሽ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አዲስ የገባውን ሁሉ ራሱ እንዲገለብጥ አደረግኩት። ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪው የሚሉኝ ነበሩ፤ የሰው ሚስት ፀጉር የት እንደሚደርስ ሳላውቅ አልለቅም ብዬ እምቢ አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲስኩን ስቱዲዮ አምጥቼ፣ የሳምንቱን ገልብጦ ሲጨርስ ነቅዬ ሀና ማርያም ቤቴ እመልሰውና ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ሌባም ቢገባ፣ እሳትም ቢነሳ ሥራዬ አይጠፋም ብዬ ተኛሁ። ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ከኮምፒውተሩ ስሰርዝ ከዲስኩ እንደማይሰረዝ ነው። በስህተት ያጠፋሁት እንዲተርፍ ብዬ እንደዚያ ያደረግኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ሌባውን ስጠረጥር ራሴን መጠርጠር ረሳሁ።

ባለፈው ሰኞ ረውዳ መጣች። የእናቷን የእትዬ ሙኒራን መሞት ሰምተሻል፣ አላህ ይማራቸው። በረውዳ ሠርግ ላይ በሂና የቀላ ፀጉራቸውን ለቀው፣ ከወጣቶቹ እኩል ሲጨፍሩ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያም ስቱዲዮዬ ድረስ መጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ፎቶዎቹ ሲሰረዙ ቆመው አይተዋል። ያቺ ልጅ አማና ታውቃለች፣ አደራ አትበላም እያሉ ስንቷን ደንበኛ ያመጡልኝም እሳቸው ናቸው። ረውዳ ይዛ የመጣችው ያንኑ ፍላሽ ነው፣ አልከፈት ብሏት። አንቺ ጋ እንደሌለ አውቃለሁ፣ እማዬ ራሷ ነች ያሰረዘችሽ፣ ብቻ ፍላሹን ሞክሪልኝ አለችኝ። እናቷ ሲስቁ የሚያሳይ ሌላ ፎቶ የላቸውም፤ ያለው የመታወቂያው ነው።

ፍላሹ ሞቷል። ምናልባት ብዬ ቤት ሄጄ ዲስኩን ብከፍተው እትዬ ሙኒራ ከነሳቃቸው አሉ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ወረድ ብል ሌሎቹም አሉ፤ ሰርዣለሁ ብዬ የማልኩላቸው ሴቶች በሙሉ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። ቁም ሳጥኑን ቆልፌ እወጣና ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቆልፌው ይሆን እላለሁ፤ ወርጄ እመለሳለሁ። ደንበኛ ለጉርድ ፎቶ አስቀምጬ ሌላ ሌላውን ሳስብ፣ ሰውየው አልጨረስሽም ወይ ይለኛል። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ስንቴ ተነስቼ በሩን እንዳየሁ አትጠይቂኝ።

አጠገቤ ልብስ የምትሰፋው፣ መዝሙር ከአፏ የማይለየው አስቴር፣ ምን ሆነሻል ብላ ስትወተውተኝ ነገርኳት። አዲስ ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ፣ አሮጌው ተከፈተልኝ በያት አለችኝ። ወዲያው ራሷ አፈረችና እንዳልሰማሽኝ ቁጠሪው አለች። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ቀላል ነበር እኮ ዙሌካ። ረውዳ ትመርቀኛለች፣ ስሜም ይብሱን ይነሳል፣ የሚያውቅም የለም። ዓይኔን በጨው አጥቤ እንዲያ ልላት አዲሱን ፍላሽ አዘጋጅቼ ጠበቅኳት።

ዛሬ ጠዋት መጣች። አዲሱን ፍላሽ ከፈትኩላት፤ ያዘጋጀሁት ውሸት ግን ከአፌ አልወጣ አለኝና እውነቱን ዘረገፍኩት። መጀመሪያ የሰማችኝም አልመሰለኝ፤ እናቷን ነበር የምታየው። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ስክሪኑን በመዳፏ ዳበሰችው። ቆይታ ግን እንባዋን ጠረገችና፣ የሌሎቹ ሴቶችስ አለችኝ። አሉ አልኳት። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትስመኝ ወጣች። ትናገር አትናገር አላውቅም። ከተናገረች የሴቶች አዳራሽ በር ለእኔ ተዘጋ ማለት ነው። ፈርቻለሁ እህቴ።

እሷ እንደወጣች ሁሉንም ላጠፋ ተነስቼ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ከእነዚያ ውስጥ እንደ እትዬ ሙኒራ የሚፈለግ ስንት እናት እንዳለ በምን አውቃለሁ? ሳልጠይቅ ማስቀመጤ በደል ነው፤ ሳልጠይቅ ማጥፋቱም ሌላ በደል መሰለኝ። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሄጄ ልነግራት ቆርጫለሁ። ያለችኝን አደርጋለሁ፣ ብትሰድበኝም እችለዋለሁ።

ካንቺ ልጀምር ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። የሠርግሽ ፎቶ አለ ዙሌካ፣ አንድም አልጎደለም። ላጥፋው ወይስ ላስቀምጠው? ቁርጡን በኢስማኢል እጅ ጻፊልኝ።

ከድርን ሰላም በይልኝ፤ ፎቶውን መንገር አለመንገሩ ያንቺ ነው። አናስን ያቺን አዲስ ጥርሱን እያየሽ ሳሚልኝ። ለአማትሽም ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ያንቺን ፎቶ ስሰርዝ አጠገቤ ቆመው ጀዛኪላህ ኸይር ልጄ ብለው የመረቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ምርቃቴን መልሺልኝ ቢሉኝ ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም።

እህትሽ ሀኒፋ
ሀይሌ ጋርመንት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.