አምስት መግቢያ ለስድስት ሰው

አርባ ምንጭ፣ ሰኔ 2008 ዓ.ም.

ውድ ዕዝራ፣

ጤናህን አልጠይቅህም፤ የዛሬ ሳምንት ስትደውል ድምፅህ ጤነኛ ነበር። የእኔን ከጠየቅክ ደክሞኛል። ታምሜ አይደለም፣ ሥራ በዝቶብኝም አይደለም። ከስብሰባ ስወጣ የሚይዘኝን ድካም ታውቀዋለህ፤ ትናንት ያዘኝና እስካሁን አልለቀቀኝም። በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ ሰውን በሳቅ ነው የምትረታው፤ ስለዚህ በኢሜይል መጻፍ ይሻለኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው፤ አንተ የምታስታውሰውና እኔ የማስታውሰው አንድ መሆኑን መጠራጠር ጀምሬያለሁ።

በ2004 እታች ሰፈር፣ ሲቀላ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫው በላይ ያለችውን ክፍል ስንከራይ ስድስት ነበርን። የላንቴና የጫኖ ገበሬዎች የሚያመጡትን ሙዝ መዝኖ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለመሥራት ተዋውለን፣ ከኃላፊያችን ከጋሽ እንድሪያስ በቀር ሁላችንም በየላፕቶፓችን እየጻፍን በፍላሽ እንቀባበል ነበር። አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲያጠፋበት ነው የምንውለው። ሰሊሆም የሳምንት ሥራዬን በአሮጌ ኮፒ የደመሰሰው ጊዜ ያለቀስኩት ለቅሶ ትዝ ይልሃል? ያኔ ነው ኮዳችንን ኢንተርኔት ላይ አንድ ቦታ እናስቀምጥ የተባለው፤ ለውጭ ሰው የማይታይ፣ እኛ ብቻ የምንገባበት፣ ማን ምን እንደጻፈ የሚመዘግብ ቦታ።

ጋሽ እንድሪያስ ሰበሰቡን። መቼም የድርጅቱ ኃላፊ ይሁኑ እንጂ ልባቸው የዶርዜ ሽማግሌ ነው። ደንባቸውን አልረሳኸውም፤ አባታቸው በሸንጎው አደባባይ፣ በዱቡሻ፣ ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው እንደሚመክሩት፣ እኛም ድምፅ አንቆጥርም፤ ሁሉም «ተስማምቻለሁ» ሳይል ማንም አይነሳም። ለመሬት ጠብና ለዕርቅ የቆየ መልካም ደንብ ነው። ለኮድ ማስቀመጫ ስንጠቀምበት ግን ሳምንት ፈጀብን።

ታዋቂው ቦታ በየወሩ በዶላር፣ በባንክ ካርድ ክፈሉ አለን። ያኔ አርባ ምንጭ ውስጥ ካርድ ሲባል የሚታወቀው ተፍቆ ስልክ ላይ የሚሞላው ነው። ሰሊሆም የራሳችንን ሰርቨር እዚሁ ቢሮ እናቁም አለ፤ ተናግሮ ሳይጨርስ መብራት ሄደ፣ እሱም ሐሳቡን ይዞ ተቀመጠ። ሦስተኛው ቦታ ነፃ ነበር። ግን የስምና የይለፍ ቃል መግቢያ የሚሰጠው ለአምስት ሰው ብቻ ነው።

ማን ይቅር? አንዱም ሌላውን «አንተ ቅር» ለማለት አፉ አልታዘዘለትም። አንድም መስመር ኮድ የማይጽፉት ጋሽ እንድሪያስ ይቅሩ ለማለትማ ማን ደፍሮ! ሰው ራበው፣ ወንበሩ ቆረቆረው። በመጨረሻ አንተ ተነስተህ እንዲህ አልክ፦

«እኔና ዘቢ እኮ አንድ ነን። በእኔ መግቢያ ትጠቀም፤ ምን ችግር አለው?»

ዕዝራ፣ ይህን በሰው ፊት ስትል ፊቴ ጋለ። ስለ መግቢያው ጨርሶ አላሰብኩም፤ የሰማሁት «አንድ ነን» ያልከውን ብቻ ነው። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ከሁሉም ቀድሜ ተስማማሁ። ያን ዕለት ባጃጅ ትተን የሴቻን ዳገት በእግራችን ወጣነው። ምን እንዳወራን አላስታውስም፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ሁሉ «ዕዝራ» እየተባለ ገባ። አንተም ሠርተሃል፤ የሪፖርቱ ክፍል ያንተ ነው፣ አልክድህም። ሚዛኑን የሚያነበውን ክፍል የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ጳጉሜን እንኳ አትረሳትም። ፕሮግራማችን ዓመቱን በዐሥራ ሁለት ወር ጨርሶ ዐሥራ ሦስተኛዋን አላውቃትም ሲል፣ መዛኞቹ ሙዙን ፀሐይ ላይ ይዘው ቀሩ። ጫኖ ድረስ ሄደን መጋዘኑ ደጅ ቁጭ ብዬ ስጠግነው፣ አንተ ላፕቶፔን በጃንጥላ ከልለህልኝ ቆመህ ዋልክ። ያ ጥገና ዛሬም በስምህ ተመዝግቦ አለ።

በ2006 አዲስ አበባ ሥራ አገኘህና ሄድክ። መግቢያህን ለእኔ ማዞር ይቻል ነበር፤ ጋሽ እንድሪያስ ግን «ልጁ ይመለስ ይሆናል፣ ቦታውን አንዝጋበት» አሉ። እኔም መመለስህን ስለምፈልግ ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው? አንተ ቦሌ ስትውል ስምህ በየጠዋቱ ሲቀላ ሥራ ይገባ ጀመር። አለቆችህ ከፍተህ ያሳየሃቸውን ገጽ አይተው «ይሄ ልጅ ለድሮ ጓደኞቹ እንኳ ዛሬም ይደክማል» እንዳሉህ ስትነግረኝ ከልቤ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው አያስቅም።

ዘንድሮ አዳዲስ ልጆች ቀጠርንና አምስቱ መግቢያ ፈጽሞ አልበቃ አለ። ሌላ ቦታ የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። አንዱን እየሞከርኩ ሌላውን እየተውኩ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ፣ በስተመጨረሻ ሰው የማይቆጥር አገኘሁ። ነፃ ነው፣ ለውጭ ሰው ዝግ ነው፣ የፈለገው ያህል ሰው በየራሱ ስም ይገባበታል። ስንዛወር ደግሞ በየሥራው ላይ የተመዘገበውን የሠሪ ስም ማስተካከል እንደሚቻል አነበብኩ። ብዙ አልጠየቅኩም፤ የእኔ በእኔ ስም ይሁን አልኩ። ጋሽ እንድሪያስ «ቅዳሜ እንቀመጥበት» አሉ።

እሑድ ዕለት የደወልከው ይህን ሰምተህ መሆኑን መጀመሪያ አላወቅኩም። ድምፅህን ከሰማሁ ከዓመት በላይ ሆኖኝ ስለነበር ደነገጥኩ። ከእህቴ ልጆች ጋር አባያ ሐይቅ ዳር ነበርኩ። ስለ እናቴ ጠየቅክ፣ ዓሣው እንዴት ነው አልክ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤትህ የሰሊጥ መጋዘን ሥራ እንደሰጠህ ነገርከኝና «ያ ሚዛኑ ሲዋዥቅ ትክክለኛውን ክብደት የሚይዝበት ነገር እንዴት ነበር?» አልከኝ። ፀሐይ ላይ ቆሜ አስረዳሁህ። አልገባህም፣ ደግሜ አስረዳሁህ፤ ስትጽፍ ይሰማኝ ነበር። ቻው ልልህ ስል ነው ዋናውን ያመጣኸው።

«ዘቢዬ፣ ስትዛወሩ ግን የድሮውን ስም አትነካኩት። እዚህ እኮ በእሱ ነው የሚያውቁኝ።»

ትናንት ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የማያውቁት ነገር አልነበረም። ሰሊሆም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ጋሽ እንድሪያስ «ስምምነት ሲታሰር የነበረ ሰው፣ ሲፈታም መኖር አለበት» አሉና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ስፒከር አድርገው ደወሉልህ።

«ዕዝራ ልጄ፣ የሙዙ ሚዛን ሥራ የማን ነው?»

ከጀርባህ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ ሳቅክ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የሁላችንም ነው እንጂ!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሌሎቹ ግን እፎይ አሉ፤ ሰሊሆም ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። ከእኔ በቀር ማንንም የማያስቀይም መልስ ነበር። ጋሽ እንድሪያስ ወደ እኔ ዞረው «ዘቢደር፣ ተስማማሽ?» አሉኝ። ብዙ የምለው ነበረኝ። የጀመርኩት እንደሆነ ግን እስኪመሽ ልንቀመጥ ነው፣ መጨረሻ ላይም ያው ነው። «ተስማምቻለሁ» አልኩ። ሰው ሲደክመው እንዲህ ይላል።

ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል አልኩ። መዛኞቹ ሚዛኑ ሲበላሽባቸው እስከዛሬ ለእኔ ነበር የሚደውሉት። አዲሱ ቦታ ደግሞ የብልሽት መልእክቱን ራሱ ተቀብሎ በቀጥታ ለአንድ ሰው ያደርሳል።

«ለማን ይድረስ?» አልኩ።

«ሥራው ላይ ስሙ ለተጻፈው ነዋ!» አሉ ጋሽ እንድሪያስ፣ ነገሩ ግልጽ አይደለም ወይ በሚል ድምፅ።

«ተስማምቻለሁ» አለ ሰሊሆም ቦርሳውን እያነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንተም ከስልኩ ውስጥ «ተስማምቻለሁ ጋሼ፣ በሉ ምሳ እየጠበቀኝ ነው» አልክ። ይህ ድርጅት ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ቶሎ የተስማማንበት ነገር የለም።

ሁሉም ሲሄዱ እኔ ቀርቼ ሥራውን አዛወርኩት። አንድም ስም አልነካሁም። ሚዛኑ ከላይ እስከ ታች ያንተ ነው። መልእክቶቹ ከነገ ጀምሮ ወደ አንተ ይመጣሉ። ላንቴ ሚዛን የሚቆመው ጎሕ ሲቀድ ነውና ስልክህን አታጥፋ። የጫኖዋ መዛኝ ወርቄ «ሙዜ ጠቆረ!» እያለች ትጮህብሃለች፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ታገሣት። ገበሬው እንዳይጎዳም፣ አንተ እስክታስተካክለው ድረስ በወረቀት እየጻፉ እንዲቆዩ ነግሬያቸዋለሁ።

ለእኔም በስሜ መግቢያ ተከፈተልኝ። ገብቼ አየሁት፤ ምንም ሠርታ የማታውቅ ሰው ገጽ ነው የሚመስለው። አዝኛለሁ ዕዝራ፣ አልዋሽህም። አንድ ነን ያልከኝን እስከ ትናንት ድረስ አምኜህ ነበር።

መልእክቱ ሲበዛብህ ለእኔ እንደምትደውል አውቃለሁ፤ ያን ሥራ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለምና። ደውል፣ አልከለክልህም። አስቀድመህ ግን ለጋሽ እንድሪያስ ደውልላቸው። ሁሉንም ይሰብስቡና ስፒከር ላይ ያድርጉህ፤ ያን ጥያቄም ደግመው ይጠይቁህ። ስትመልስ ከሰማሁህ በኋላ ስልኬን አነሳለሁ።

ዘቢደር