አሥራ አምስተኛው ገጽ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ።

ደግሞ ቁ. 7። ሦስት ቀን ሙሉ እዚችው ላይ ነኝ። «ደወሉ ከተደወለ በሩ ይዘጋል። በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ፦» ሀ፣ ደወሉ ተደውሏል። ለ፣ ደወሉ አልተደወለም። ሐ፣ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። እኔ ሐ አልኩ። ዘበኛውም እኮ ነፋስ ሲመጣ በር ይዘጋል። ወረቀቱ ላይ የተከበበው ግን ሀ ነው። ተሳሳትኩ።

ከ40ው 19። ትናንት 21 ነበር። እያደር ወደ ታች።

ደብተሬ፣ ከአንተ ሌላ የምነግረው የለኝም። መ/ቤቱ አዲስ መዋቅር አውጥቷል፤ ቅዳሜ የካቲት 22 ሁላችንም እንፈተናለን። መደብ ያላገኘ «ተንሳፋፊ» ይባላል። ባለፈው ጊዜ ከሒሳብ ክፍል የተንሳፈፉት ሦስቱ ኮሪደር ላይ ወንበር ተሰጣቸው። ሁለት ወር ተቀመጡ። ከዚያ ደብዳቤ መጣላቸው። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሃያ ስድስቱን እዚህ ምድር ቤት፣ ፋይል መሀል ጨርሻለሁ። በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል?

ሐሙስ፣ የካቲት 6። ከሥራ በኋላ።

ከደጀኔ ጋር አጠናን። መዝገብ ቤት ሁለታችን ብቻ ነን፤ አሥራ ሰባት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ከዛሬ ጀምሮ ደ. ብዬ እጽፈዋለሁ፣ እጄ ደክሟል።

የመለማመጃ ወረቀቱን ያገኘው እሱ ነው። ሜክሲኮ፣ ኢክራም ፎቶ ኮፒ ቤት። ለራሱ ሲያስገለብጥ ለእኔም ሳልጠይቀው ይዞልኝ መጣ። መልሱ በእስክሪብቶ ተከብቦ ነው የመጣው። በዚህ ደስ ብሎን ነበር።

ዛሬ ቁ. 12። ሪፖርት ያላስገባ ሠራተኛ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ከበደ ማስጠንቀቂያ አልተጻፈበትም። እኔ፦ አስገብቷላ፣ ባያስገባ ይጻፍበት ነበር። የተከበበው፦ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ወረቀቱን ልቀደው ትንሽ ቀረኝ።

ደ. ሳቀብኝ። «ፀሐይዬ፣ ስንት ዓመት እዚህ ቤት ሠርተሽ? ከበደ የዳይሬክተሯ የእህት ልጅ ቢሆንስ? ማን ይጽፍበታል?»

እውነቱን ነው። እንዲህ ሲታይ ልክ ነው። ከዚያ ደ. ከተከበቡት ሁሉ አንድ ሕግ አወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ጻፍኩት። ወደ ኋላ ይኬዳል፤ በ«አይደለም» አይኬድም። በሩ ከተዘጋ ደወሉ ተደውሏል፣ አለቀ። «አል» ያለበት ሲመጣ ግን በእርግጠኝነት አይታወቅም በይ፣ እለፊ።

እሑድ፣ የካቲት 9። ላንቻ፣ ቤት።

በሕጉ ሠራሁ፣ 31 ገባልኝ። ሔርሜላ መጣች፣ ወረቀቱን አነሳች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ሁሉን እንደምታውቅ ታስባለች። ቁ. 7 ሐ ነው አለች። አይደለም አልኳት። «እማ፣ በቃ ይሄ እኮ ስህተት ነው። ማለቴ፣ በሩ በሌላ ነገርም ሊዘጋ ይችላል።» እኔም መጀመሪያ እንደዛ ብዬ ነበር አልኳት፤ ያኔ ነው 19 ያገኘሁት። ታዲያ ማን ነው ያከበበው ብላ ጠየቀችኝ። ጮኽኩባት። አንቺ ቅዳሜ አትፈተኚም አልኩ።

ሳትበላ ሄደች። ደወልኩ፣ አላነሳችም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11።

ስብሰባ። ዳይሬክተሯ፦ ፈተናውን ሳያልፍ የሚመደብ ሠራተኛ አይኖርም። ሌላ አላለችም። ደ. በክርኑ ነካኝ። ሰማሽ፣ ወደ ኋላ ሂጂበት፣ ያለፈ ይመደባል ማለቷ ነው። ሁለታችንም ካለፍን ሁለታችንም እንቀራለን። እፎይ አልኩ። ካዛንቺስ ወርጄ ብርቱካን ገዛሁ።

35 ከ40። ሕጉ ይሠራል። አንጎሌ ግን ራሱን አያምንም፤ ትክክል የሚመስለኝን አይቼ ተቃራኒውን እመርጣለሁ፣ ይገባልኛል። የቤቴን በር ቆልፌ መቆለፌን ለማየት ሁለቴ ተመለስኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 14።

መዋቅሩ ተለጠፈ። መዝገብ ቤት፦ አንድ መደብ። ከአንድ በላይ ካለፈ በአገልግሎት ዘመን። ደ. በሦስት ዓመት ይበልጠኛል።

ሁለታችንም አነበብነው። ደ. ሰሌዳውን እያየ፣ ዘንድሮ ዶሴው ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ አንድ ሰው ይበቃዋል አሉ አለ። ምሳ ለየብቻ በላን።

ሰኞ፣ የካቲት 17። ጠዋት።

ጾሙ ገባ። ሌሊቱን ሳልተኛ አልቀረሁም፤ ስነሳ ግን አንድ ነገር አብሮኝ ተነሳ። ዳይሬክተሯ አልዋሸችም። ሳያልፍ የሚመደብ የለም አለች። ያለፈ ሁሉ ይመደባል አላለችም። ወደ ኋላ የሄድነው እኛ ነን።

ስለዚህ ሕጋችን እዚህ አልሠራም። ሰሌዳው ላይ ያልሠራ ሕግ ወረቀቱ ላይ ለምን ይሠራል?

ወረቀቱን እንደ ፋይል አየሁት፣ ከሥሩ ጀምሬ። ግርጌው ላይ «ገጽ 14/15» ይላል። አሥራ አምስተኛው የለንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18። ከሰዓት፣ ቢሮ። ደ. የለም፣ ፋይል ይዞ ወጥቷል።

ምሳ ሰዓት ሜክሲኮ ሄድኩ። ኢክራም ዋናውን ከካርቶን ውስጥ አወጣችው። እትዬ፣ ይሄን ገጽ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም፣ ጥያቄ የለበትም፣ ምን ይሠራልዎታል አለችኝ። ብቻ ስጪኝ አልኩ። ገለበጠችልኝ።

የአንድ ማሠልጠኛ ማኅተም። በቀይ እስክሪብቶ፣ ውጤት 16/40። ከሥሩ የተሳሳቱት ቁጥሮች ዝርዝር፣ ከነትክክለኛ መልሳቸው። 7 አለ። 12 አለ። የ«ከሆነ» ጥያቄዎች አንድ ሳይቀሩ አሉ። «ይህን ክፍል እንደገና ይማሩ።»

የማናውቀው ሰው ወድቆ የጣለውን ወረቀት ነው ከሁለት ሳምንት በላይ በቃላችን ስንይዝ የከረምነው። ፊርማና ቀን የሌለው ወረቀት ፋይል ውስጥ አስገብቼ አላውቅም፤ ባለሥልጣን ቢያመጣው እንኳ እመልሳለሁ። ይሄን ማን እንዳከበበው አልጠየቅኩም። ልጄ ጠየቀችኝ፣ ጮኽኩባት።

ታክሲ ውስጥ እንደገና ሠራኋቸው። እጄ ወደ ስህተቱ ይሄዳል። «በሩ ተዘግቷል» ሲል ጣቴ ሀ ላይ ነው። የቀረኝ አራት ቀን ነው።

ደ. ሲመለስ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ራስሽን አመመሽ እንዴ አለኝ። አዎ አልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19።

ነገርኩት። ማለቴ፣ ነገርኩት ይባላል። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ እንደ ዘበት፣ ቁ. 7 ላይ መልሱ የተሳሳተ ይመስለኛል አልኩ። ሳቀ። «ፈራሽ። ሦስት ቀን ሲቀረው ሕጉን ልታፈርሺብኝ ነው?» ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ አየኝ። «ወይስ ልታደናግሪኝ?» አይ፣ እንዲያው መሰለኝ አልኩ።

ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። አልከፈትኩትም።

ወደ ቢሮ ስንመለስ ቀለለኝ። ነግሬዋለሁ፣ አላመነም፣ ምን ላድርግ እያልኩ ደረጃውን ወረድኩ። መቅለሌ ከሁሉም ባሰብኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20። 10 ሰዓት ተኩል።

ደ. 40 ከ40 ሠራ። አንድም አልሳተም። ቦምቦሊኖ ገዝቶ መጣ፣ በወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። የሌላ መ/ቤት መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቷል፤ እሱ እዚህ ከቀረ ለእኔ እዚያ ሄዶ ይነግርልኛል። አንቺን ተንሳፋፊ ሲያደርጉሽ ቁጭ ብዬ አላይም አለ። ይሄን ያለው ዘይቱን ከጣቱ እየጠረገ ነው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ቦምቦሊኖውን በላሁት። ምን ላድርገው።

እኔ በትክክለኛው መንገድ ዛሬ 33። ገና እሳሳታለሁ። ልወድቅም እችላለሁ። እሱን ጥዬ እኔም ወድቄ፣ ሁለታችንም ኮሪደር ላይ። ይሄም ይቻላል።

ዓርብ፣ የካቲት 21። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቤት።

ሦስት ቀን በራሴ ላይ ስሠራው የከረምኩትን ጥያቄ ልጻፈው። ሁለታችንም ካለፍን መደቡ የእሱ ነው። መደቡ የእኔ ሆነ እንበል። ስለዚህ፦

እኔ አልፌያለሁ፣ እሱ ወድቋል። ይሄኛው በእርግጠኝነት ይባላል። ሌላ ምርጫ የለውም። የወደቀውም በምን እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። ዘጠኝ ዓመት ይቀረኛል ለጡረታ። ዘጠኝ ዓመት ባዶ ወንበር ፊት ለፊት።

ብነግረው ያልፋል ብዬ ነበር የፈራሁት። ያም አይታወቅም። አንድ ቀን ነው የቀረው፣ የእሱም እጅ እንደ እኔው ለምዷል። ላያልፍ ይችላል። አልፎ እኔ ልንሳፈፍ እችላለሁ። እሱ እንዳለው ሰው ሊያናግርልኝ ይችላል፤ ይሄን ካወቀ በኋላ ግን ላያናግርልኝም ይችላል። ከዚህ ወዲያ ሁሉም ሐ ነው።

ለሔርሜላ መልእክት ላክሁ። ልክ ነበርሽ ብቻ አልኩ። ገና አላየችውም።

ደ. ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከላይኛው በር ይገባል። እዚያው ደጅ ላይ እጠብቀዋለሁ፣ ሳይፈርም። ገጹን እሰጠዋለሁ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አሳየዋለሁ፤ ፈቃድ እንጠይቅና እስከ ማታ እንሠራቸዋለን፣ ከእኔ ጋር መቀመጥ ከፈለገ። ዛሬ ነው ያገኘሁት ብል ያምነኛል። ኢክራምን ሄዶ አይጠይቃትም።

መቼ አገኘሽው ካለኝ፣ ማክሰኞ እለዋለሁ።