ስቡ ነው ያፈነው አሉ

ኅዳር 3

ፀጉር ቤቱ ዛሬ ደርቶ ዋለ። እግሬ አብጧል። ማድረቂያው ካስክ ስር ያስቀመጥኳት ደንበኛ ሆዴን አይታ «ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለችኝ። ስንት ዓመት የሰለቸኝ ጥያቄ! «ስብ ነው እትዬ» ብዬ እንደ ሁልጊዜው አሳቅኳት። እውነቱ ግን ዛሬ... አለ። ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ከባሌ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው እርግዝናዬ ቶሎ አውርቼ ያየሁትን አየሁ።

ኅዳር 11

ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ያየው ሚዛኑን ነው። «እንዲህ ሆነሽ ነው ያረገዝሽው?» እንዴት ሆኜ? «ከዚህ በፊት አስወርዶኛል፣ የሚመረመር ነገር ካለ...» አልኩት። «ምርመራሽ ሚዛኑ ነው። አፍሽን ያዢ።» አለቀ። ቀጣይ ግቢ!

መልሱ ሁሉ የመጣልኝ መንገድ ላይ ነው። ምን ያደርጋል?

ኅዳር 19

ደም።

ኅዳር 23

የባሌ እህት ልታጽናናኝ መጣች። ማጽናናት ይሉታል! እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ እሷ ለእሱ ታወራለች። «ስቡ ነው ያፈነው። ባለፈውም ነግሬህ ነበር።» ቁም ሳጥን ነኝ እንዴ? ባሌ ስልኩን ይነካካል። የእሷን ምላስስ ለምጄዋለሁ፤ አንጀቴን ያሳረረው የእሱ ዝምታ ነው።

ግን... ቢሆንስ? እኔ ነኝ የገደልኩት? የበላሁትን ሁሉ እያስታወስኩ ዋልኩ። ሰው ቁርስ በልቶ ይከሰሳል?

ታኅሣሥ 8

ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሴት ናት። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የገባሁት። «ውፍረት አደጋውን ይጨምራል፣ አልዋሽሽም» አለች። ብድግ ስል «ቆዪ እንጂ የኔ እናት! ይጨምራል ማለት ያንቺን የወሰደው እሱ ነው ማለት አይደለም። ለመሆኑ ስኳርሽን ማን ለክቶልሽ ያውቃል?»

ማንም።

ታኅሣሥ 10

ስኳሬ ከፍ ብሏል። በጣም። ምክንያቱ እሱ ይሁን አይሁን እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለች። ግን ይታከማል፤ ሌላ ከማርገዜ በፊት እሱንም ክብደቱንም ቀስ እያልን እናስተካክላለን።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተቃጠልኩ እንጂ! አንዲት ጠብታ ደም ከጣቴ። ሚዛን ላይ ሊያቆሙኝ ጊዜ አላቸው፣ ጣቴን ለመውጋት ግን የላቸውም?

ታኅሣሥ 15

እህትየዋ መጣች። ገና ከበሩ «አሁንስ ቀነስሽ?» መግቢያው ላይ ቆምኩባት። «ልጄን ስብ አፈነው ያልሽው ምን አውቀሽ ነው? ዳግመኛ ይቺን ቃል እዚህ ቤት አልሰማም።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ምን ሆናለች?»

«እሷን ጠይቂያት፤ ፊትሽ ቆማለች» አለ ባሌ።

ተነጫንጫ ሄደች። እኔ ግን ወደሱ ዞርኩ። «እስከዛሬ የት ነበርክ?»

«እኔም... ስቡ መስሎኝ ነበር።»

በጥፊ ልለው እጄ ተነስቷል።

«ስም አውጥቼለት ነበር» አለ።

እጄ ወረደ። ተቀመጥኩ። ስሙን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። እሱ ላይ እንኳ ማንም አፉን አያስገባም።