አራት ጣትና አንድ ኮማ

ውድ ጭራሮዬ፣

አዎ፣ መታሁት! በዘነዘና ነው የመታሁት፣ ግንባሩን ነው ያልኩት፤ ደሙ መጋረጃዬ ላይ ተረጭቷል። አሮጊት አቅም የላትም ያለሽ ማነው? "ማን ጠየቀሽ አያቴ" እንዳትይኝ፤ እኔ ሳልጠየቅ ነው የምመልሰው፣ ታውቂኛለሽ።

የመታሁት ያንን የማተሚያ ቤቱን ወረቀት ቆራጭ ሰውዬ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በግራ እጁ ብረት ይዞ መጣ። ቀኙማ የት አለ! አውራ ጣቱ ብቻ ናት የቀረችው። መስኮቱን አደቀቀው፣ ቁም ሳጥንሽን ፈለጠው።

"የልጅ ልጅዎ የታለች? አለቃዋ፣ 'ሰክሮ ነው እጁን መቁረጫው ውስጥ የከተተው' ብሎ አስባረረኝ! እኔ ጠጥቼ አላውቅም እማማ!"

ብረት አንስቶም አንቱ ይለኛል እኮ! ሊሰነዝር ሲል ቀደምኩት። ተዘረረ። ከዚያ ያንን የሚያክል ሰውዬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ጀመር። የፈነከትኩትን ግንባር በሻርፔ አሰርኩለት። ማን እንደዋሸ ግን ሳልነግረው ወደ ቤቱ ሸኘሁት። እኔ፣ ሳልጠየቅ የምመልሰው!

አውቅ የለ እንዴ? ማእድ ቤት ቁጭ ብለሽ እያለቀስሽ ነግረሽኛል። ቁጥር እንደየአገሩ ልማድ ይጻፋል፤ ሙሉውን ከክፋዩ ለመለየት አንዱ ነጥብ ያደርጋል፣ ሌላው ኮማ። ያ ፕሮግራሙ ሁሉ የሚጠቀምበት የሲ ላይብረሪ የምትሉት የጋራ የኮድ ክምችት፣ በየትኛውም ልማድ ለማሽን ቁጥሩን በነጥብ መጻፉን መፈተን ነበር ሥራሽ። የኮማዎቹ ልማድ ግን ኮምፒውተርሽ ላይ አልተጫነም ነበር። ፈተናሽ ሲያጣው ዝም ብሎ ዘለለው፤ ዘሎ ሲያበቃ "አልፏል" ብሎ አረንጓዴ አበራ። አንቺም አረንጓዴ አየሁ ብለሽ ምሳሽን ልትበዪ ሄድሽ።

ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ግን የኮማው ልማድ ተጭኗል። ቢላዋው ከመውረዱ በፊት ዜሮ ነጥብ ስምንት ሰከንድ እንዲጠብቅ ነበር የታዘዘው። ነጥቡ ኮማ ሆኖ ተጻፈ፤ መቁረጫው ደግሞ ኮማ የሚባል አያውቅ፣ እዚያው ቆመና ዜሮ አነበበ። ሰውዬው እጁን ሳያወጣ ወረደበት። አራት ጣት፣ እንደ ካሮት!

በስህተትሽ አልተቀየምኩም፤ እኔስ ስንቱን ድስት አሳርሬ የለ! የተቀየምኩት አለቃሽ "ሰክሮ ነው" ሲል፣ ፈተናው በትክክል አልፏል ብለሽ መፈረምሽን ነው። ፈርመሽ ደግሞ አክስትሽ ቤት መደበቅሽን። እኔን ካንቺ ውሸት ፊት ዘነዘና አስይዘሽ አቆምሽኝ፤ ያንንም ምስኪን ሁለቴ አስመታሽው።

"እማማ! እማማ፣ ይክፈቱ!"

ይኸው፣ እሱ ነው። በግራ እጅ የሚደበደብ በር ድምፁ ይለያል። መጣሁ፣ አትስበረው፣ የምነግርህ አለ ብዬዋለሁ። ዘነዘናው ይኸው ከጎኔ ነው፤ ለሱ አላነሳውም። እውነቱን ከኔ ይሰማል፤ ፊርማሽን ግን ራስሽ መጥተሽ ሰርዢ። ካልመጣሽ ዘነዘናዬን ይዤ አክስትሽ በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ልከፍትለት ነው።

አያትሽ