ስድስተኛው በርሜል፦ የወይዘሮ አማቢሌ ቤሎቶ ካርኒኤል የሕይወት ታሪክ (1931–2023)

ወይዘሮ አማቢሌ ቤሎቶ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1931 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ጃኮሞ ቤሎቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦርሶላ ዳል ፖንቴ፣ በደቡብ ብራዚል በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ተራሮች፣ የሳንታ ባርባራ መስመር በሚባለው የጣሊያን ሰፋሪዎች መንደር ተወለዱ። ጊዜው የወይን ለቀማው የተጋጋለበት ሳምንት ነበር። ወይዘሮ ኦርሶላ እስከ ረፋድ ድረስ ሲለቅሙ ቆይተው፣ ቅርጫታቸውን አስረክበው ወደ ቤት እንደ ገቡ ተገላገሉ። ወይዘሮ አማቢሌም ሰው ዕድሜያቸውን ሲጠይቃቸው ዓመቱን ትተው፣ “ለቀማው ሳያልቅ ልድረስ ብዬ ቸኩዬ ነው የመጣሁት” ይሉ ነበር። እውነትም በሕይወታቸው ሙሉ እንደ ቸኮሉ ኖሩ።

አያታቸው አቶ ቫለንቲኖ ቤሎቶ ከጣሊያን ከቬኔቶ አገር በ1884 የመጡ ናቸው። ይዘውት የተነሱት የወይን ቁርጥራጭ በመርከብ ላይ ደርቆ ስለ ቀረ፣ ቀደም ብለው ከሰፈሩት ጀርመኖች ኢዛቤል የሚባለውን ጥቁር ወይን ለምነው ተከሉ። ተክሉም መሬቱ ተስማምቶት ሐረጉ የሚዘረጋበትን የእንጨት ዳስ ሸፈነው። አቶ ቫለንቲኖ ከትውልድ አገራቸው ሳይደርቅ የደረሰላቸው ነገር ቢኖር የአባቶቻቸው ሥርዓት ነው። ከሥርዓቱም ሁለቱን ለልጃቸው ለአቶ ጃኮሞ አጥብቀው አወረሱ። አንደኛው፣ ወይን ጠጅ የተጠመቀበት በርሜል ኅዳር 11 ቀን ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲኖ በዓል በፊት አይከፈትም። ሁለተኛው፣ በርሜሎቹ ወዳሉበት ምድር ቤት ሴት አትገባም፤ የሴት ትንፋሽ ወይን ጠጁን ያኮመጥጠዋልና።

ወይዘሮ አማቢሌ ከ1938 ጀምሮ አራት ዓመት በደናግሉ ትምህርት ቤት ተማሩ። በዚያ ዘመን የቤታቸው ቋንቋ ጣሊያንኛ በአደባባይ እንዳይነገር በመንግሥት ተከልክሎ ስለነበር፣ በመንገድ ላይ አፍ ዘግቶ መሄድንና ዓይን ከፍቶ ማየትን አብረው ተማሩ። ሂሳብ ይወዱ ነበር፤ ለአባታቸውም የዓመቱን የዘመን መቁጠሪያ የሚያነቡላቸው እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በላይ መማር በወቅቱ ለሴት ልጅ የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ወደ እርሻው ተመልሰው ሐረግ በመግረዝ፣ በአኻያ ቀንበጥ በማሰርና በለቀማ ከወንድሞቻቸው ከብሩኖና ከአኪሌ እኩል ሠሩ። ዘለላው ተጨፍልቆ ጭማቂው ወደ ምድር ቤት ሲወርድ ግን የእሳቸው ሥራ በሩ ላይ ያበቃ ነበር።

ቤተሰቡ ወይን ጠጁን ለራሱና ለጎረቤት ብቻ ያዘጋጅ በነበረበት ጊዜ ስለ ጣዕሙ የሚያማርር አልነበረም፤ ስኳር ጨምሮ መጠጣት የተለመደ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የአካባቢው ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው ወይን ጠጅ እየቀመሱ መረከብ ጀመሩ። በ1947 የአቶ ጃኮሞ ጋሪ ከነጭነቱ ተመለሰ። በ1948ም እንዲሁ ሆነ። የማኅበሩ ቀማሽ በሰው ፊት፣ “ጃኮሞ፣ ይህን ኮምጣጤ ለሰላጣ ነው እንዴ ያመጣኸው?” አላቸው። አቶ ጃኮሞ ጋሪያቸውን አዙረው ሄዱ። ቤታቸው ሲደርሱ ግን በየዓመቱ የሚጠይቁትን ጠየቁ፤ “ከእናንተ ውስጥ በዚያ በር በኩል ያለፈው ማን ነው?” ወይዘሮ ኦርሶላ አንገታቸውን ደፉ።

በ1949 የለቀማ ማግስት አቶ ጃኮሞ ፖሌንታው፣ የበቆሎ ገንፎው፣ ቀርቦ ሁሉም እንደ ተሰበሰበ ውሳኔያቸውን ተናገሩ። የዘንድሮውም ከተመለሰ፣ ወይኑን ከሥሩ ነቅለው መሬቱን ሸጠው፣ እንደ ሌሎቹ ወደ ምዕራብ ሄደው በቆሎ እየዘሩ አሳማ ያረባሉ። ብሩኖ አሳማ እወዳለሁ አለ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላቸው አማቢሌ ግን በዚያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አማቢሌ በካፑቺን መነኮሳት ጸሎት ቤት የመሠዊያውን ዕቃ በማጠብ ያገለግሉ ነበር። አንድ ቀን ጠርሙስ ሲያጥቡ ከሥሩ የቀረችውን ጠብታ ቀመሱ። ኩልል ያለች፣ የወይን ፍሬ የምትሸት ነበረች። ወይን ተክሉን ወደሚንከባከቡት ወደ አባ ሴራፊኖ ሄዱ።

“አባ፣ ይህን ወይን ጠጅ ከየት ነው የሚያመጡት?”

“ከየት አመጣዋለሁ ልጄ? ከአባትሽ አጥር ማዶ ካለው ከእኛው ዳስ ነው። ኢዛቤል ነው።”

“ታዲያ የእኛው ለምንድን ነው የሚገማው?”

“መቼ ነው የምትከፍቱት?”

“በማርቲኖ ነዋ።”

አባ ሴራፊኖ እስኪያስላቸው ሳቁ። “ከመጋቢት እስከ ኅዳር አተላው ላይ? እኔንም ስምንት ወር አተላ ላይ ብታስተኚኝ እገማለሁ።”

ወይዘሮ አማቢሌ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ቆመው በጣቶቻቸው ቆጠሩ። በአያታቸው አገር ወይን የሚለቀመው በመስከረም ነው፤ ማርቲኖ የሚውለው ከሁለት ወር በኋላ፣ ብርዱ ገብቶ ወይን ጠጁ ሲጠልል ነው። እዚህ ደቡብ ግን ወቅቱ ተገላባጭ ስለሆነ የሚለቀመው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ብርዱ የሚገባውም፣ ወይን ጠጁ የሚጠልለውም በግንቦት ነው። አያታቸው ቀኑን ይዘው መጡ፤ ወቅቱ ግን ከባሕር ማዶ ቀረ። ስድሳ አምስት ዓመት ሙሉ የቤሎቶ ቤት ወይን ጠጅ ክረምቱን ሙሉና የጸደዩንም ሙቀት አተላው ላይ ተኝቶ ሲበላሽ ኖሯል። ጥፋቱን ተሸክመው የኖሩት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ጎረቤቶች ቀድመው መክፈት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አቶ ጃኮሞ ግን፣ “ሰው ቅዱሱን ስለ ናቀ እኛም እንናቅ?” ይሉ ነበር። ወይዘሮ አማቢሌ ከዚያ ቦታ እስከ ቤታቸው ድረስ ሮጡ።

ለአባታቸው ሁለት ጊዜ ሊነግሯቸው ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ፣ “አንቺ ደግሞ ስለ በርሜል ምን አገባሽ” ተብለው ተመለሱ። በግንቦት አጋማሽ አቶ ጃኮሞና ወንዶቹ ልጆች በቆሎ ይዘው ከአንታስ ወንዝ ማዶ ወዳለው ወፍጮ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ጀልባው መቆሙ ተሰማ። ወይዘሮ አማቢሌ ወደ እናታቸው ሄደው ያሰቡትን ነገሯቸው። 

“አንቺ ልጅ፣” አሉ ወይዘሮ ኦርሶላ፣ “እኔ በዚያ በር ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ነው ያለፍኩት።”

“ዛሬ ይተንፍሱ፣ እማዬ።”

ወይዘሮ ኦርሶላ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ልጃቸውም ተከተሏቸው፤ ሁለቱም ጥግ ላይ ያለውን ስድስተኛውን በርሜል መረጡ። አጠገቡ የነበረውን ባዶ በርሜል በፈላ ውኃ አጥበው፣ ድኝ አጨሱበት፤ ወይን ጠጁን በመዳብ ባልዲ እየቀዱ ከአተላው ለዩት። አተላውን ከአሳማው ገንዳ ደፉ፤ አሮጌውን በርሜል ፈግፍገው ወይን ጠጁን መለሱበት፤ የጎደለውን ዳሚጃና ከሚባለው ትልቅ ጠርሙስ ሞሉ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ስልሳ ባልዲ ያህል ተመላለሱ። ወይዘሮ አማቢሌ ይህንን ቀን ሲያወሩ ዘጠና ዓመት ከሞላቸውም በኋላ ከወንበራቸው ይነሱ ነበር። “እማዬ በመካከሉ መዝፈን ጀመረች፤ እዚያ ውስጥ! እኔ እየፈራሁ እስቃለሁ” ይሉ ነበር። ወንዶቹ በሁለተኛው ቀን ሲመለሱ ምድር ቤቱ እንደ ነበረ ነበር፤ ሰክረው ያንቀላፉት አሳማዎች ብቻ አላማሩም፤ ብሩኖም ታመዋል ብሎ ተጨነቀ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ወር መጠበቅ ነበር። በኅዳር 11 ጎረቤቶች ተሰበሰቡ፤ አቶ ጃኮሞ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ወረዱ፤ ሴቶቹ እንደ ልማዱ ከግቢው ቆሙ። የመጀመሪያው በርሜል ተከፈተ፤ ሽታው እስከ ግቢው ድረስ ወጣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ስድስተኛው ተከፈተ። አቶ ጃኮሞ ብርጭቆ ይዘው ወጡ፤ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሱት፤ በውስጡ እጃቸው ይታይ ነበር።

“ይኸው፣” አሉ ለተሰበሰበው ሰው። “ጥግ ያለችው ናት። ሴት ያልደረሰችባት።”

ወይዘሮ አማቢሌ ከሴቶቹ መካከል አንድ እርምጃ ወጡ። “አባዬ፣ እኔና እማዬ የደረስነው እሷ ላይ ብቻ ነው።”

የሳቀው አኪሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ወዲያው አቆመ። አቶ ጃኮሞ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። መቼ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ መሆኑ ተነገራቸው። ለምን ብለው ጠየቁ፤ ወይዘሮ አማቢሌም በሰው ሁሉ ፊት ወራቱን በጣቶቻቸው ቆጠሩላቸው።

“እንግዲህ ቅዱሱ ተሳስተዋል ነው የምትይኝ?”

“ቅዱሱማ በቀናቸው ነው የሚመጡት፣ አባዬ። እኛ ነን በየካቲት የምንለቅመው።”

አቶ ጃኮሞ ብርጭቆውን ጨለጡት። ከዚያ ለባለቤታቸው ሌላ ቀድተው በእጃቸው ሰጧቸው፤ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። በማግስቱ ስድስተኛውን በርሜል በጋሪ ጭነው፣ ሁለቱን ሴቶች ከፊት አስቀምጠው ወደ ማኅበሩ ሄዱ። ቀማሹ ቀመሰ፤ እንደገና ቀመሰ። “ሌላውስ የት አለ?” ሲል ጠየቀ። “ሌላው ለሰላጣ ነው” አሉ አቶ ጃኮሞ።

ወደ ምዕራብ መሄዱ ቀረ። በተከታዩ ግንቦት ስድስቱንም በርሜሎች የከፈቱት ወይዘሮ አማቢሌ ናቸው። ወይዘሮ ኦርሶላ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በዚያ በር ሲያልፉ ትንፋሻቸውን መያዝ አልተዉም፤ ሰውነታቸው ለምዶት ነበር።

ወይዘሮ አማቢሌ በ1953 ከበርሜል ሠሪው ከአቶ ኦሬስቴ ካርኒኤል ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ሽማግሌ ሲላክባቸው ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ነበር፤ እሱም በርሜል የሚሠራው ሰው በርሜሉ ውስጥ ባለው ነገር እንዳይገባባቸው ነው። አቶ ኦሬስቴ ቃላቸውን ለአርባ ስድስት ዓመት ጠበቁ። በ1961 ወይዘሮ አማቢሌ የመጀመሪያውን ጠርሙስ በራሳቸው መለያ አሸጉ። የጣሊያኖቹ ስደት መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ1975 በአካባቢው የወይን ጠጅ ውድድር አንደኛ ሲወጡ፣ አስተናጋጁ ሽልማቱን እንዲቀበሉ የጠራው አቶ ኦሬስቴን ነበር። እሳቸውም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ “እኔ የሠራሁት እንጨቱን ነው፤ ስለ ውስጡ እሷን ጠይቋት” አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ወይዘሮ አማቢሌም በደረጃው ፈንታ በአቋራጭ መድረኩ ላይ ዘለው ወጡ።

አራት ልጆች ወልደው አሳድገዋል። በ1984 የኢዛቤሉን ግማሽ አንስተው ሜርሎ የሚባለውን የወይን ዝርያ ሲተክሉ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዘግይተዋል ሲል፣ “ታዲያ ለዚህ አይደል የምሮጠው” አሉ። በ1992 በረዶ ለለቀማ አንድ ሳምንት የቀረውን ፍሬ ሁሉ ሲያረግፈው፣ በማግስቱ የመግረዣ መቀስ ይዘው ከዳሱ ሥር የተገኙት እሳቸው ነበሩ። በየዓመቱ በየካቲት የመጀመሪያው ለቀማ ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ እያጨበጨቡ ቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሱ ነበር። ሰባ ለቃሚ ከዳሱ ሥር እየዘፈነ ሲሠራ፣ እሳቸው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየተመላለሱ ዘለላ ይቀምሱ፣ የሰነፈውን ይተርቡ፣ የደከመውን በእጃቸው ያጎርሱ ነበር። ለምድር ቤቱ ሥራ ሠራተኛ ሲቀጥሩም ቀድመው የሚጠይቁት ከየመንደሩ ሴት ልጆችን ነበር፤ ሥራውን የሚያስተምሩትም ራሳቸው ነበሩ።

አቶ ኦሬስቴ በ1999 ካረፉ በኋላ እስከ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ድረስ ሥራውን መርተው፣ በ2012 ለልጃቸው ለማሪስቴላ አስረክበዋል። በ2022 የልብ ሕመም ገጥሟቸው በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። ዘንድሮ በሰኔ ወር የዓመቱ ወይን ጠጅ በማንኪያ ቀርቦላቸው ቀመሱና፣ “ጥሩ ነው፤ ግን አትቸኩሉ” አሉ። በዙሪያቸው የነበርነው ሁሉ ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል ስንሰማ የመጀመሪያችን ስለ ነበር፣ ማልቀስ ሲገባን ሳቅን።

ወይዘሮ አማቢሌ ሐምሌ 14 ቀን 2023 በተወለዱ በዘጠና ሁለት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። የአራት ልጆች እናት፣ የዘጠኝ ልጆች አያት፣ የሰባት ልጆች ቅድመ አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ሲልቪኖ፣ ኢቮኔ፣ ዲርሴውና ማሪስቴላ፣ እንዲሁም ታናሽ ወንድማቸው አቶ አኪሌ በሕይወት አሉ።

በመንደራችን ሬሳ የሚሸከሙት ወንዶች ናቸው። ዛሬ ግን በእሳቸው ኑዛዜ መሠረት የሚሸከሟቸው በምድር ቤቱ ያስተማሯቸው ስድስት ሴቶች ናቸው። ሳጥኑ ከቤት በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፤ አስቀድሞ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ፣ በበርሜሎቹ መካከል አልፎ ይወጣል። ከሸካሚዎቹ አንዷ፣ በሩ ሲደረስ ምን እንደሚደረግ ትናንት ጠይቃ ነበር፤ አቶ አኪሌም፣ “ምንም አይደረግም፤ እየተነፈሳችሁ ግቡ” ብለዋታል።

በሰማይ ቤት ሁልጊዜ ለቀማ ካለ፣ እግዚአብሔር ከለቃሚዎቹ ፊት ያሰልፋቸው፤ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን። አሜን።