ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ምንሽር

ውድ ወንድሜ አብራር፣

ሰላም ላንተና አዋሽ ላለው ቤተሰብህ ሁሉ ይሁን። ያልደወልኩልህ ስልኩን ገና ስታነሳ ስለ እንጨት ስለምትጀምርብኝ ነው። ወረቀት አያቋርጠኝም።

የአባባ ምንሽር ሰደፉ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ላስጠግነው ስትል እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ከረመዳን ወዲህ ግን ሌላ ወሬ የለህም። መጀመሪያ ዋንዛ አልክ፣ ቀለለብህ። ወይራ አስጠረብክ፣ ከበደህ፤ የአሳይታውን አናጺ ሁለቴ አስላጥከው። "እትዬ፣ ማንገቻው ቆዳ ይሻላል ጨርቅ?" ያልከኝ ወጥ እያማሰልኩ ነው። ቆዳ አልኩህ። ከሚሌ ገዝተህ ስታበቃ "ሙቀቱ ያደርቀዋል" ብለህ በጨርቅ ለወጥከው። ከዚያ የማነጣጠሪያ ፎቶ ሦስት ልከህ "ምረጪልኝ" አልክ። እኔ ሰመራ ላይ ምግብ ቤት ነው ያለኝ፣ አብራር። ሦስቱም አንድ ናቸው። ሚስትህን ሀምዳን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላማረጥክም፤ ይህንን አንብብላት።

ትናንት ከቀትር በኋላ ሁመድ መጣ። የታናሽ ወንድማችንን የሰላሀዲንን ጉዳይ ከያዙት ሽማግሌዎች ዋናው እሱ እንደሆነ ታውቃለህ። በመኪናው ገጭቶ ከገደለው ከሾፌሩ ከታሪኩ ጋር የምንታረቀው የፊታችን ሐሙስ መሆኑንም አትረሳውም። ሻይ ሰጠሁት፤ አልነካውም።

"ሙኒያ፣ ታሪኩ ሐሙስ አልመጣም ብሏል።"

"ምነው?"

"ወንድምሽ ጠመንጃ እየገጣጠመ ነው።"

"የአባታችን ነው እኮ፣ ፈቃድ ያለው። ሰደፉ ተሰንጥቆ ነው። አስጠግኖ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው።"

"ሰደፉን ሰምተናል፤ ወይራ ነው። ማንገቻው ቆዳ ነበር፣ ጨርቅ ሆነ። ማነጣጠሪያውን ሁለቴ ቀይሯል።" ይህን ሁሉ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። "ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጠመንጃ ምን ያነጣጥራል?"

የቀዘቀዘውን ሻይ አንስቼ ሌላ ቀዳሁለት።

እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖረሃል፤ ዳጉን ላስተምርህ ነው? አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውን የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል፤ ወሬውም ከአፍ ወደ አፍ እንዳለ ይጓዛል። አዋሽ አርባ ላይ ባለግመሎቹ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ሲሉህ፣ አንተ ደስ ብሎህ ከሰደፍ እስከ ማንገቻ ዘረዘርክላቸው። እነሱም እንደነገርካቸው አደረሱት። አንድም ሰው አልዋሸብህም። ይቅር ለማለት መስማማትህን ግን ለማንም አልነገርክም። እዚህ ያልተነገረም ነገር ይሰማል።

ይባስ ብለህ ሰኞ ደወልክና "የምንሽሩን መቀርቀሪያ በሾፌር ላኪልኝ" አልከኝ። አባባ ሊሞት ሲል ጠመንጃውን ላንተ፣ መቀርቀሪያውን ለእኔ የሰጠው ለምን እንደሆነ ጠፋህ? "አንዳችሁ ሲቆጣ ሌላችሁ እስኪመጣ ድረስ ቁጣው ይበርዳል" ነበር ያለው። ያለ መቀርቀሪያው ያ ምንሽር አይተኩስም፣ ዱላ ነው። ለግድግዳ ከሆነ ዱላም ይሰቀላል።

ብቻዬን ንጹሕ ልምሰልብህ አልልም። ሰላሀዲን አላህ ይርሐመውና፣ በተቀበረ በሳምንቱ መቀርቀሪያውን ከሳጥን አውጥቼ ዘይት ቀብቼዋለሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩት፤ ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ ልብህን አልመረምርም። ታሪኩ ጭነት ይዞ ባለፈ ቁጥር ደጄ ላይ ይቆማል። ሞተሩን አያጠፋም፣ አይገባም። አስተናጋጄ ውብነሽ ውሃ ታወጣለታለች፤ እኔ ያላየሁ እመስላለሁ። ሰውየው ዓመት ሙሉ እየቆመ ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል። ሰልችቶኛል፣ ወንድሜ። የሱም መቆም፣ የኔም ያላየሁ መምሰል፣ ያንተም እንጨት።

ሁመድ ሊሄድ ሲነሳ መቀርቀሪያውን አምጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየና፣ "ይህንንም በዳጉ እናወራለን" አለኝ። ዛሬ ጠዋት ታሪኩ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ዕርቁ ሲፈጸም ሁመድ መቀርቀሪያውን በሰው ፊት ይመልስልሃል። ያኔ ኢንሻአላህ አዋሽ መጥቼ የሚሰቀልበትን ግድግዳ እኔ እመርጥልሃለሁ፤ አንተ አታማርጥም።

ሐሙስ ከዙሁር ሶላት በፊት ሰመራ እንድትገኝ። መንገድ ላይ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ካሉህ ስለ ወይራው ትንፍሽ እንዳትል። የወንድምህን ገዳይ ልታቅፍ እየሄድክ መሆኑን ንገራቸው። ይህን መናገር ካቃተህ ግን አትምጣ። ከተናገርክ፣ አንተ ከመኪና ሳትወርድ ቃልህ እኛ ዘንድ ደርሶ ይጠብቅሃል።

እህትህ ሙኒያ
ሰመራ